ቅይጥ ሰርገኛ ጤፍ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ፊዚክስና ምህንድስና በሚያጠኑ ልጆች ዘንድ ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል። ጉዳዩ በሌዘር የሚነሳ የሾክ ሞገድ በኮምፒውተር ሲሰላ ቅይጥ ብረቶችን እንዴት እንወክል የሚል ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ደፍሮ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ስለሆነ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንብቤ ስጨርስ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። የጸሐፊው አጻጻፍ ይጥማል። መደምደሚያዎቻቸው ግን አብዛኞቹ አያስኬዱም።

ላላነበባችሁት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኃይለኛ የሌዘር ምት ለጥቂት ናኖሰከንድ ብረት ላይ ሲያርፍ የላይኛው ስስ ሽፋን ወዲያው ይተናል፤ ፕላዝማ ሆኖም ወደ ውጭ ይፈናጠራል። እሱ ወደ ውጭ ሲሄድ ብረቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ያ ግፊት ከድምፅ ፈጥኖ ብረቱ ውስጥ ይሮጣል። ሾክ ሞገድ የምንለው ይህንን ነው። ሲሙሌሽኑ ጉዞውን ለመከተል ብረቱ በየትኛው እፍግታና ሙቀት ስንት ግፊት እንዳለው የሚነግረው ሰንጠረዥ ወይም ቀመር ይፈልጋል። የሙያው ሰዎች ኢኩዌሽን ኦፍ ስቴት ይሉታል። ለንጹህ መዳብ ወይም ለንጹህ አሉሚኒየም ይህ በደንብ ተለክቷል። ጣጣው የሚመጣው ቅይጥ ጋ ስንደርስ ነው።

የጸሐፊው ክርክር አምስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ቅይጥ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ነው ይላሉ፤ ነጩና ቀዩ በስንት በስንት እንደተቀላቀለ ካወቅን የእያንዳንዱን ቁጥር በክብደት ድርሻው አባዝቶ መደመር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከ1 በመቶ በታች የሆነ ጭማሪ ቢተው ምንም አይጎድልም። ሦስተኛ፣ በሌዘር ግፊት ማንኛውም ብረት እንደ ውሃ ስለሚፈስ ጥንካሬው ሂሳብ ውስጥ አይገባም። አራተኛ፣ ሲሙሌሽኑ ከአንድ የላቦራቶሪ ልኬት ጋር ከገጠመ ሞዴሉ ትክክል ነው። አምስተኛ፣ ከዚህ የተሻለ የሚፈልግ ሰው ሱፐርኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን አቶም መከተል አለበት፤ ያ ደግሞ ለእኛ የማይታሰብ ነው። አሳጥሬው እንጂ አጣምሜው እንዳልሆነ ያነበበ ሁሉ ይመሰክርልኛል።

ከሰርገኛው እንጀምር፤ የሌላው ሁሉ ሥር እሱ ነውና።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ሰርገኛ የሆኑ ብረቶች አሉ። ቱንግስተንና መዳብ ለምሳሌ አይዋሃዱም። ከሁለቱ የሚሠራው ነገር ውስጥ የቱንግስተን ቅንጣትና የመዳብ ቅንጣት ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሂሳቡ እሳቸው እንዳሉት አይሠራም። በክብደት ግማሽ በግማሽ እናድርገው። የቱንግስተን እፍግታ በኩቢክ ሴንቲሜትር 19.25 ግራም ነው፣ የመዳብ 8.93። በእሳቸው መንገድ አማካዩ 14.1 ይወጣል። ትክክለኛው 12.2 አካባቢ ነው። የሚደመረው የሚይዙት ቦታ ነዋ! ግማሽ ኪሎ መዳብ ከግማሽ ኪሎ ቱንግስተን ከእጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። የሁለቱን ይዘት ለየብቻ አስልተን እንደምራለን፤ ከዚያ ጠቅላላውን ክብደት ለጠቅላላው ይዘት እናካፍላለን። በእሳቸው መንገድ የሄደ ሰው ሌዘሩ ገና ሳይበራ ወደ 15 በመቶ ስቷል።

ግፊት ሲመጣም ደንቡ ያው ነው። ሁለቱ ብረቶች እኩል ግፊት ተሸክመው የየራሳቸውን ይዘት ይይዛሉ፣ ይዘቱ ይደመራል። ጸሐፊው ግን ሁለቱንም እኩል እፍግታ ላይ አስቀምጠው ግፊታቸውን ነው ያማከሉት። ይህ መዳቡን ከመጠን በላይ ጨምቆ፣ ቱንግስተኑን ደግሞ ለጥጦ ማስቀመጥ ነው። በአንዱ ላይ የሌለ ግፊት ይፈጠራል፣ በሌላው ላይ የሌለ ውጥረት። የሁለት ውሸት አማካይ አንዳንዴ ለዓይን ያምራል፤ ይኼው ነው ጥቅሙ።

ናስ ጋ ስንመጣ ደግሞ ትክክለኛው የይዘት ድምርም አያዋጣም። ጎንደር ውስጥ ከመስቀል እስከ ቧንቧ መክፈቻ ድረስ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነውን እንውሰድ። ይዘት ደምረን ስናሰላ 8.30 ይወጣል። እውነተኛው እፍግታ ግን 8.53 ነው። የዚንኩ አቶሞች መዳቡ ክሪስታል ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው ክሪስታል ውስጥ ከነበሩት ይበልጥ ይጠጋጋሉ። ስለዚህ ቅይጡ ከሁለቱ ድምር ያነሰ ቦታ ይይዛል። ማመን የሚቸግረው ሰው ፒያሳ ካሉ አንጥረኞች ጋ ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል። አንድ ቁራጭ ናስ በስሱ የወርቅ ሚዛን ይመዝን፤ በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ አስጠልቆ እንደገና ይመዝን። ውሃው ውስጥ የቀነሰው ግራም የቁራጩ ይዘት ነው። 85.3 ግራም የነበረው 10 ግራም ከቀነሰ እፍግታው 8.53 ነው። ሚዛኑ ጥሩ ከሆነና ቁራጩ አየር ካልያዘ በ8.30 እና በ8.53 መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። የቁራጩ ድርሻ 70 በ30 መሆኑን ግን አንጥረኛው ላያውቅ ይችላል፤ በተለይ ከቁርጥራጭ የቀለጠ ከሆነ።

«2.7 በመቶ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። እንየው። ሰንጠረዡ ናሱ ግፊት የሌለበት 8.30 ላይ ነው ብሎ ያምናል። እኛ ደግሞ ሌዘሩ የሚመታውን የናስ ሳህን በትክክለኛው 8.53 ሞላነው። ኮዱ ይህን ሲያይ «ይህ ብረት በ2.7 በመቶ ተጨምቋል» ብሎ ይደመድማል። ናስን በ1 በመቶ ለመጭመቅ ከ1 ጊጋፓስካል (ከአየር ግፊት 10 ሺህ እጥፍ ገደማ) በላይ ግፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ሲሙሌሽኑ ሲጀምር ሳህኑ ውስጥ ወደ 3 ጊጋፓስካል የሚጠጋ ግፊት ተቀምጧል ማለት ነው። ሌዘሩ ሳይነካው ሳህኑ በሁለቱም ፊት ይፈነዳል። ብረትን በሌዘር ለማጠንከር የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግፊት ራሱ ጥቂት ጊጋፓስካል መሆኑን አስቡት። ስህተቱ ከምልክቱ እኩል ሆነ! ሁለቱንም 8.30 ብንላቸው ፍንዳታው ይቀራል፣ ግን ሳህኑ ከእውነተኛው ቀለለ፤ ሞገዱም በሌላ ፍጥነት ይሄዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የይዘት ድምሩን ሠርቶ ሰንጠረዡን በተለካው እፍግታ ልክ ማስተካከል ነው። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

ናስ እንኳ የዋህ ነው። የማይዝገውን ብረት፣ 304 የሚባለውን፣ እዩት። የወጥ ቤት እቃዎቻችን ብዙዎቹ ከእሱ የተሠሩ ናቸው። ወደ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ ወደ 8 በመቶ ኒኬል፣ የቀረው በአብዛኛው ብረት፣ ማለትም አይረን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ንጹህ ብረት አንድ የታወቀ ጠባይ አለው። በሾክ ወደ 13 ጊጋፓስካል ሲደርስ አቶሞቹ አሰላለፋቸውን ቀይረው ይበልጥ ይታሸጋሉ። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በዚህ የተነሳ ሞገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀድሞ የሚደርስና ተከትሎ የሚደርስ ይሆናል። በሰርገኛው ስሌት ከሄድን 304 ሰባ በመቶው ገደማ ብረት ስለሆነ የዚህን ለውጥ ሰባ በመቶ መውረስ አለበት። አይወርስም። ምክንያቱም ብረቱም ክሮሚየሙም ለየብቻቸው ሲሆኑ አቶሞቻቸው በአንድ ዓይነት መንገድ ይሰለፋሉ፤ ኒኬሉ ደግሞ በሌላ። ብረትና ክሮሚየም አብረው ወደ 90 በመቶ ይሆናሉ። የቅይጡ አሰላለፍ ግን የትንሹ፣ የኒኬሉ ሆኖ ይገኛል። በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ ኒኬል አያሸንፍም ነበር። እናም ንጹህ ብረት 13 ላይ የሚያደርገውን 304 አያደርገውም። በአማካይ የሠራ ሲሙሌሽን ላቦራቶሪ ውስጥ የማይታይ ሁለተኛ ሞገድ ያሳያል። ለዚህም ነው ሴሳሚ የተባለው፣ የአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የኢኩዌሽን ኦፍ ስቴት ሰንጠረዦች ስብስብ ለ304 የራሱን ሰንጠረዥ የሰጠው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ከ1 በመቶ በታች ያለውን መተው። ለእፍግታና ለዋናው የሾክ መስመር (በሾክ ጊዜ እፍግታና ግፊት ለሚያያዙበት) ከሆነ አልከራከርም። 6061 የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ 1 በመቶ ገደማ ማግኒዚየምና ከዚያ ያነሰ ሲሊከን አለው። መስመሩ ከንጹህ አሉሚኒየም መስመር ጋር ሊለይ እስኪያስቸግር ይገጥማል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ለሁሉም ጥያቄ ልክ አይደሉም። አዘዞ መንገድ ላይ ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ብረት አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው አንዱ እንደሚጠነክር፣ ሌላው እንደማይጠነክር ያውቃል። የሚለያቸው ከ1 በመቶ በታች የሆነ ካርቦን ነው።

ከሌዘሩ ዓለምም ምሳሌ አለ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ባለው ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ 192 የሌዘር ጨረሮች አንዲት ትንሽ የነዳጅ እንክብል ለመጭመቅ ይተኮሳሉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2022 በ2.05 ሜጋጁል ሌዘር 3.15 ሜጋጁል የፊውዥን፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች ሲዋሃዱ የሚወጣ ኃይል የተገኘው እዚያ ነው። የእንክብሏ ቅርፊት አልማዝ፣ ማለትም ካርቦን ነው። በቅርፊቱ አንድ ሽፋን ውስጥ ግን ከመቶ አቶም አንድ የማይሞላ ቱንግስተን ሆን ተብሎ ይጨመራል። ለእፍግታ ብለው አይደለም። ነዳጁን አስቀድሞ የሚያሞቀውን ኤክስሬይ እንዲያግድ ነው። ካርቦን 6 ኤሌክትሮን አለው፣ ቱንግስተን 74። በእንዲህ ዓይነቱ ኤክስሬይ ፊት ካርቦኑ እንደ መስታወት ነው፤ የሚያግደው ያ ቱንግስተን ነው። ጸሐፊው በደንባቸው ቢጥሉት እንክብሉ ያለ መከላከያ ይቀራል። «ከ1 በመቶ በታች» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለየትኛው ጠባይ ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የተቀበለው ይመስለኛል፤ ስለሚያስገርም። ብረት እንደ ውሃ ሲፈስ ማን አይገረም! እንደገና ልክ የሆነውን ላስቀድም። 100 ጊጋፓስካል ላይ ቅይጡ የሚሸከመው ጥንካሬ ከጠቅላላው ግፊት ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ቢተው ውጤቱ ብዙም አይለወጥም። ግን የሌዘር ሾክ ግፊቱን ይዞ አይዘልቅም። የሌዘሩ ምት ለናኖሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ምቱ ሲያበቃ የሚነሳው፣ ግፊቱን የሚያላላ ሞገድ ከኋላ ደርሶበት ይበላዋል። ላዩ ላይ 100 የነበረው ወደ ውስጥ ሲገባ 20፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 1 ይሆናል። የሆነ ጥልቀት ላይ ጥንካሬው ሂሳቡን ይረከባል። ያ ጥልቀት የት እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ራሱ ጥንካሬው ነው። አስቀድሞ የጣለው ሰው በየት በኩል ያውቀዋል?

ከዚህ የባሰው ግን የሌዘር ማጠንከሪያው ጉዳይ ነው። በዚህ ሥራ ብረቱ ላይ ጥቁር ቀለም ወይም ቴፕ ይደረግና ውሃ ይለቀቅበታል። ሌዘሩ ውሃውን አልፎ ቀለሙን ይመታል። ፕላዝማው በውሃው ስለታፈነ ብረቱን አጥብቆ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቢ-1 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞተር ቢላዎች ላይ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ዘዴ ነው። ጥቅሙ ሞገዱ ካለፈ በኋላ ብረቱ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረው የመጨመቅ ውጥረት ነው፤ ስንጥቅ እንዳይሰፋ ይይዘዋል። ውሃ ውጥረት ቆልፎ ማስቀረት ይችላል? አይችልም። ስለዚህ ጥንካሬ የሌለው ሲሙሌሽን ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚመልሰው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጀመሩት ይህንን የቢላ ሥራ በማወደስ ነው። ከዚያ ሁለት ገጽ ሳይሞላ ሥራውን የሚያስችለውን ነገር ጣሉት።

ጥንካሬን ከአማካይ ማውጣት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ያው 6061 አሉሚኒየም ለስልሶ ሲቀመጥ 55 ሜጋፓስካል አካባቢ ላይ ይጎብጣል። ቲ6 የሚባለውን የሙቀት ሕክምና ሲያገኝ ወደ 276 ይወጣል። አምስት እጥፍ ነው። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አልተነካም። የተለወጠው ማግኒዚየምና ሲሊከኑ በደቃቅ ቅንጣት መልክ የተበተኑበት ሁኔታ ነው። የመቶኛ ዝርዝር ብቻ የያዘ ሞዴል እነዚህን ሁለት ብረቶች በምን ይለያቸዋል?

አራተኛው ላይ መታገስ አቅቶኛል፤ ተማሪዎችን የሚያሳስተው እሱ ነውና። ጸሐፊው የለኩት ነገር ሞገዱ ሲደርስ የናስ ሳህኑ ጀርባ የሚንቀሳቀስበትን ፍጥነት ነው። ሲሙሌሽናቸው ያንን ቁጥር አወጣ። ጥሩ። ግን ግፊቱን ራሱን ከየት አመጡት? በውሃ ለታፈነ ፕላዝማ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ፋብሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡትን ቀመር ነው። እዚያ ውስጥ ከሌዘሩ ጉልበት ምን ያህሉ የፕላዝማው ሙቀት ይሆናል የሚል ቁጥር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ይመረጣል። ከ0.1 ወደ 0.2 ብናሳድገው ግፊቱ 37 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን ያህል የሚሽከረከር ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው የተሳሳተውን ቅይጥ ከአንድ ልኬት ጋር ማስማማት አያቅተውም። ሁለት ስህተት ተቃቅፎ ልክ ሆነ ማለት ነው።

በቁጥር ላሳይ። የሁለት ሳህኖች ጀርባ በሰከንድ 1 ኪሎሜትር ገደማ ሄደ እንበል። ውስጥ ያለው የብረቱ ፍጥነት የዚያ ግማሽ ነው፣ 0.5። አንዱ 6061 አሉሚኒየም ከሆነ ሞገዱ በሰከንድ 6.0 ኪሎሜትር ይጓዛል፣ ግፊቱ 8.1 ጊጋፓስካል ነው። ሌላው ትንሽ እርሳስ ያለበት ናስ ከሆነ ሞገዱ 4.4 ይጓዛል፣ ግፊቱ 18.8 ነው። የጀርባ ፍጥነቱ አንድ፣ ግፊቱ ከእጥፍ በላይ የተራራቀ! የሚለያቸው የመድረሻው ሰዓት ነው። ሳህኑ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆንና ሞገዱ ብዙም ሳይዳከም ቢደርስ አሉሚኒየሙ 50 ናኖሰከንድ ይወስድበታል፣ ናሱ 67 ገደማ። ሁለቱም አብረው ካልተለኩ፣ የሚቻል ከሆነም በሁለት ውፍረት፣ «ገጠመ» የሚለው ቃል ገና አልተገኘም።

አምስተኛው ላይ ረጅም አልሄድም። አቶም በአቶም የሚደረገው ስሌት ይጠቅማል፤ ግን ደረጃው ሁለት ብቻ አይደለም። ሞገዱ በአንድ ናኖሰከንድ 6 ማይክሮሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። በ10 ናኖሰከንድ ምት ውስጥ 60 ማይክሮሜትር ይሆናል። ብዙ የገበያ ቅይጦች ውስጥ አንድ የክሪስታል ቅንጣት ያንን ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ስስ ሳህን ላይ ከአቶም በፊት መጠየቅ ያለበት ቅንጣቶቹ ስንት ናቸው፣ ወዴትስ ዞረዋል የሚለው ነው። ያ ሱፐርኮምፒውተር ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ነው የሚጠይቀው።

«ለእኛ የማይታሰብ» የተባለው ደግሞ በጣም የሚታሰብ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ የሾክ ስሌት ቮን ኖይማንና ሪችትማየር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ዘዴ ይሠራል። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ካለው ስልክ ጋር አይወዳደርም። ሺህ ሕዋስ ያለው እንዲህ ያለ ስሌት ተራ ላፕቶፕ ላይ ቡና ሳይቀርብ ያልቃል። የብዙ ቅይጦች የሾክ ቁጥሮችም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። እዚህ ከተማ ሥራ የሚያስተጓጉለው የመብራት መጥፋት ነው፤ ለእሱም ኮዱ ውጤቱን በየመሃሉ እንዲያስቀምጥ ሁለት መስመር መጨመር ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በአክብሮት ነው። የናሱን ስሌት የሠሩበትን ኢንፑት ፋይል ያው ግሩፕ ላይ ይልቀቁልን፤ ያስገቡትን እፍግታና ከሌዘሩ በፊት ያለውን ግፊት ጨምረው። የሳህኑ ውፍረትና የመድረሻ ሰዓቱ ካለም አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። እኔም የራሴን እለጥፋለሁ፤ ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን አሂደው ይዩት።